ወረቀት ያልታሰረላት ወፍ

ባለፈው ክረምት በእንግሊዝ አገር የሚኖር አብሮ አደጌ አንድ ፎቶግራፍ ላከልኝ። በፎቶግራፉ ላይ የድንጋይ አጥር አለ፤ ሰው አጥሩን የሚሻገርበት የእንጨት እርከን አለ፤ ከእርከኑ ጎን ደግሞ በአጭር ምሰሶ ላይ የተቸነከረች ጠባብ ሳንቃ ትታያለች። በሳንቃዋ ላይ የተጻፈው «የሕዝብ የእግር መንገድ» ማለት ነው። ጓደኛዬ የሚኖርባት መንደር ትንሽ ናት። እሑድ እሑድ ከቤቱ ይወጣና በጫካው ዳር፣ በስንዴው ማሳ መሐል፣ የሰው ከብት በሚግጥበት መስክ ላይ ሳይቀር እየተራመደ ዞሮ ከሰዓት በኋላ ይመለሳል። «መሬቱ የማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «የገበሬው ነው፤ መንገዱ ግን የሁሉም ነው» አለኝ። ከዚያም ነገር መጨመር ልማዱ ነውና «አንተስ በሻኪሶ ጫካ ትሄዳለህ ወይስ ባንክህ ውስጥ ተቀብረህ ቀረህ?» አለ።

እሄዳለሁ እንጂ! ሳምንቱን ሙሉ ከመስኮት ኋላ ተቀምጦ የሌላ ሰው ገንዘብ ሲጽፍ የሚውል ሰው እሑድን በእግሩ ካላሳለፋት በምን ያሳልፋታል? ይሁን እንጂ ያቺ ሳንቃ አንድ ነገር ቆሰቆሰችብኝ። እኔ በምሄድባቸው መንገዶች ላይ ምሰሶ የለም፤ ስም የለም፤ የሚያሳያቸው ካርታም አላየሁም። አንዳንዱ አምና ነበረ፣ ዘንድሮ የለም። ስለዚህም በእኛ በጉጂ ምድር በእግር ማን እንደ ሄደ፣ የሄደውስ ሰው ምን ጽፎ ምን ሳይጽፍ እንደ ቀረ ማሰብ ጀመርሁ። እነሆ ያሰብሁትን።

ሻኪሶን ለማያውቅ አንባቢ፦ ከክብረ መንግሥት፣ አዶላ ከምንላት ከተማ፣ ወደ ደቡብ ምዕራብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኝ፣ አፈርዋ ቀይ፣ ስሟም በወርቅና በቡና የሚጠራ ከተማ ናት። በዙሪያዋ አዋታና ሞርሞራ የሚባሉ ወንዞች ወደ ዳዋ ይወርዳሉ። ከክብረ መንግሥት ወደ ዋደራና ወደ ነጌሌ በሚወስደው በኩል ደግሞ የአንፈራራ ጫካ አለ። ዝግባው ከሩቅ ሲታይ የቆመ ሠራዊት ይመስላል። ከሻኪሶ ተነሥቶ ነጌሌ የሚደርስ ሰው በአንድ ቀን ውስጥ ከጭጋግ ወደ ግራር ይወርዳል። ጫካው ሲሳሳ፣ ሰማዩ ሲሰፋ፣ ፍየልና ግመል ሲበዛ ያያል። መኪና ላይ ሆኖ ግን አያየውም፤ ያልፈዋል።

ወደ ሳንቃዋ ልመለስ። እንግሊዞች ይህን መብት እንዲያው ከሰማይ ወርዶላቸው አላገኙትም። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 24 ቀን 1932 ወደ 400 የሚሆኑ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ከማንቸስተርና ከአካባቢው የመጡ ወጣት ሠራተኞች፣ ኪንደር ስካውት ወደሚባል ተራራ ወጡ። ተራራው ለባለመሬቶች የወፍ አደን የተከለለ ነበር። ከጠባቂዎቹ ጋር ግብግብ ሆነ። ከመሪዎቹ አንዱ ቤኒ ሮዝማን የሚባል የ20 ዓመት ልጅ ነበር፤ እርሱን ጨምሮ አምስት ሰዎች ታሰሩ። ያጠፉት ጥፋት፣ ከግብግቡ ሌላ፣ በሣር ላይ መሄዳቸው ነው። በ1949 የወጣው ሕግ የየአውራጃው ምክር ቤቶች የእግር መንገዶችን ሁሉ እየመረመሩ በካርታ ላይ እንዲያሰፍሩ አዘዘ። ዛሬ በእንግሊዝና በዌልስ ተመዝግቦ የሚገኘው የሕዝብ መንገድ ወደ 225,000 ኪሎ ሜትር ይደርሳል ይባላል።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የገረመኝ ግን ሌላ አንቀጽ ነው። ሕዝብ በአንድ መሬት ላይ ሳያስፈቅድና ሳይከለከል፣ በግልጽ፣ 20 ዓመት ሙሉ ከተመላለሰበት መንገዱ ለሕዝብ እንደ ተሰጠ ይቆጠራል። ይህም ሐሳብ በሕግ የተጻፈው በዚያው በ1932 ነው። እኔ ያለ ፊርማ አንዲት ብር ከቦታዋ የማላንቀሳቅስ የባንክ ጸሐፊ ነኝ፤ የዱካ መደራረብ እንደ ፊርማ ሲቆጠር ማየት ለሙያዬ እንግዳ ነው። ለልቤ ግን አይደለም።

በእኛ ዘንድ 20 ዓመት ምን አላት? ከብት ወደ ሆራ የሚነዳበት መንገድ ከማንም ዕድሜ በላይ ነው። ጉጂዎች በየስምንት ዓመቱ የገዳ ሥልጣን ሲተላለፍ ወደ ሜኤ ቦኮ ይሰበሰባሉ። የገዳ ሥርዓት በ2016 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ደስ ብሎኛል። ወደ ጉባኤው የሚወስዱት ቀጫጭን መንገዶች ግን በየትኛው መዝገብ ላይ እንደ ሰፈሩ አላውቅም። በእኔም መስኮት የሚሆነው ይኸው ነው። የቡና ገንዘቡን ሊያስቀምጥ የመጣ ሰው ፊቴ ይቆማል፤ ጫማው አቧራ ነው፤ «ከየት መጡ?» እለዋለሁ። «ግማሽ ቀን ነው» ይለኛል። እኔ ቦታ ጠየቅሁ፤ እርሱ መንገድ መለሰልኝ። ቅጹ ላይ ወረዳ፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር የሚል አለ። ግማሽ ቀን የሚጻፍበት ሣጥን የለም።

በዚህ ምድር በእግር ሄደው መንገዱን በወረቀት ላይ ካሰፈሩት ቀደምት ሰዎች መካከል ሁለት ጣልያናውያን ይገኛሉ። ከዚህ በታች የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። የመጀመሪያው ሻምበል ቪቶሪዮ ቦቴጎ ነው። በ1892 መጨረሻ ገደማ ከበርበራ ተነሥቶ የጁባን ወንዝ ምንጮች ፍለጋ ወደ ውስጥ ገባ። አንድ ዓመት ያህል መከራ አይቶ በ1893 ወደ ባሕር ዳርቻው ተመለሰ፤ በ1895ም ስለ ጉዞው መጽሐፍ አሳተመ። ገናሌን ሲያገኘው ወንዙ ስም ነበረው፤ ቦቴጎ ግን በጄኖቫ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየምን ለመሠረተው ለጃኮሞ ዶሪያ ክብር ሲል «ዶሪያ» የሚል ጨመረበት። ካርታዎች እስከ ዛሬ «ገናሌ ዶሪያ» ይላሉ። ከወንዙ ውኃ የሚቀዳ ሰው እንዲህ ሲል ግን ሰምቼ አላውቅም። በ2020 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ግድብ እንኳ «ገናሌ ዳዋ» ተባለ እንጂ ዶሪያን አላስታወሰውም። ቦቴጎ በሁለተኛው ጉዞው በ1897 በወለጋ በኩል ተገደለ። በአገር ላይ እየዞሩ ስም ማደል እንዲህ ያለ ፍጻሜ የሚያመጣ ሥራ ነበር።

እኔን የሚያሳዝነኝ ሁለተኛው ነው፤ ልዑል ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ። አባቱ የሮማ ከንቲባ ነበሩ። ልጁ ቤተ መንግሥት የመሰለ ቤት ትቶ፣ ግመልና ጠመንጃ ይዞ፣ ዶሜኒኮ ሪቫ የሚባል የእጽዋት ሊቅ አስከትሎ፣ በ1892 መጨረሻ እርሱም ከበርበራ ተነሣ። የሶማሌን ቆላ አቋርጦ፣ የዳዋን አገር አልፎ ወደ ምዕራብ ዘለቀ። በመንገዱ ላይ ወፍ እየመታ ቆዳውን ያደርቅ ነበር። ዲሴምበር 4 ቀን 1893፣ ከሻኪሶ በስተምዕራብ በቡርጂ አካባቢ፣ ዝሆን ሲያድን ዝሆኑ ገደለው። ዕድሜው 27 ነበር። ከእኔ ያንሳል።

የሰበሰበው ነገር ጣልያን ደረሰ፤ ጄኖቫ ገባ። በስብስቡም ውስጥ ሊቃውንቱ ከዚያ በፊት ያላዩዋት አንዲት ወፍ ተገኘች። ገላዋ አረንጓዴ፣ በአናቷ ላይ ነጣ ያለ ጉትያ ያላት፣ በዓይኗ ዙሪያ ቀይ፣ ክንፏን ስትዘረጋም ከውስጥ ደም የመሰለ ቀይ የሚገለጥባት። በ1896 ቶማሶ ሳልቫዶሪ የሚባል የወፍ ሊቅ በሟቹ ልዑል ስም ሰየማት። ነገር ግን አንድ ነገር ጎደለ። ሰብሳቢዎች በወፊቱ እግር ላይ ትንሽ ወረቀት ያስራሉ፤ የተያዘችበት ቀንና ቦታ ይጻፍበታል። በዚህች ወፍ እግር ላይ ግን አልነበረም። ሩስፖሊ በየትኛው ጫካ፣ በየትኛው ማለዳ እንደ መታት የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነበር፤ እርሱም የለም።

ስለዚህ ዓለም ወፏን አገኘ፣ አገሯን ግን አጣ። ጣልያን ውስጥ ስም ያላት፣ ኢትዮጵያ ውስጥ አድራሻ የሌላት ሆነች። ሊቃውንቱ እንደ ገና ያገኟት ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1940ዎቹ፣ ከእኛ በስተደቡብ በቦረና ባለው በአሬሮ ጫካ ነው። ኋላም በነጌሌና በገናሌ ዳርቻ፣ በዋደራና በአንፈራራ ተገኘች። ከዚህ ከደቡብ ኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም አትኖርም። የወፍ ወዳጆች እርስዋን ለማየት ከአውሮፓና ከአሜሪካ ነጌሌ ድረስ ይመጣሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ያ በክንፏ ውስጥ ያለው ቀይ ቀለም ከመዳብ የተሠራ ነው። የዚህ ወገን ወፎች ከሚበሉት ፍሬ የሚገኘውን መዳብ በላባቸው ውስጥ ያኖሩታል። ወርቅ የሚቆፈርበት አገር ሰው ነኝና ማዕድን የተሸከመች ወፍ በዝግባ ላይ ስትዘል ማየት ልዩ ስሜት ይሰጠኛል። ስለዚሁ ግጥም ጀምሬ ነበር። በስድስተኛው ስንኝ ላይ ቤት አልመታ ብሎኝ ተውሁት፤ አንድ ቀን እጨርሰዋለሁ።

ያ ያልታሰረ ወረቀት ግን ዕረፍት ነሣኝ፤ የአያቴን ነገር አስታወሰኝና። አያቴ የቀን ሠራተኛ ሆኖ ወደ አዶላ የወርቅ ሥራ የመጣው ጣልያን ከወጣ በኋላ ባሉት ዓመታት ከይርጋለም ነው። ይርጋለም ያን ጊዜ የሲዳሞ ርእሰ ከተማ ነበረች። መኪና አልነበረም ማለቴ አይደለም፤ አያቴ የመሳፈሪያ ገንዘብ አልነበረውም። በአለታ ወንዶ፣ በሀገረ ሰላም፣ በቦሬ አድርጎ በእግሩ መጣ። የቀርከሃው ጫካ ውስጥ ብርዱ አጥንት ይሰብር እንደ ነበር፣ ከቦሬ ወዲህ ሲወርድ ዝግባው ሰማዩን ጋርዶበት ቀን ይሁን ማታ ግራ እንደ ገባው ይነግረን ነበር። ስንት ቀን ፈጀብህ ሲባል አንድ ጊዜ ዘጠኝ ይላል፣ አንድ ጊዜ አሥራ አንድ። እኛ ልጆቹ እንስቅበት ነበር። እኔም እስቅ ነበር። ዛሬ ግን ያቺን የሁለት ቀን ልዩነት የሚነግረኝ ባገኝ ብዙ ነገር እሰጥ ነበር። የት አደረ? ማን እንጀራ ሰጠው? በየትኛው መልካ ተሻገረ? አያቴ ያጠበው ወርቅ በግራም ተመዝኖ ተጽፏል። የመጣበት መንገድ አልተጻፈም፤ እርሱም ከእነ መንገዱ ሄደ።

አንዲት መንገድ ብቻ አሳይቶኛል። ልጅ ሳለሁ ከሻኪሶ ወጣ ብሎ በቡና ጥላ ሥር የምትሄድ፣ አንድ ሰው ብቻ የምታሳልፍ ቀጭን መንገድ ነበረች። እጄን ይዞ ይወስደኝና ከአንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ሲደርስ «መጀመሪያ ሻኪሶ የደረስሁ ዕለት የተኛሁት እዚህ ነው» ይለኝ ነበር። እርሱ ከሞተ በኋላም እሑድ እሑድ እሄድባት ነበር። ከጥቂት ዓመት በፊት አንድ እሑድ ስሄድ መንገዷ ከመሐል ተቆርጣ ጉድጓድ ሆና አገኘኋት። ጎረምሶች ወርቅ ፍለጋ ቆፍረዋል። በቀጣዩ ወር ጉድጓዱ ሦስት ሆነ፤ ከዚያ ዋርካው ወደቀ። መቼም ሰው ነኝና ተናደድሁ። ማንን ልናደድ ግን? ከቆፋሪዎቹ መካከል አብሮኝ የተማረ አለ። ከዚያ ጉድጓድ የወጣ ገንዘብ በእኔ መስኮት አልፎ እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ቆጥሬ፣ በላስቲክ አስሬ፣ ማኅተም መትቼ አስገብቼዋለሁ ማለት ነው። በዚያች መንገድ ላይ ሃምሳ ዓመት ተሂዶባታል፤ በእንግሊዞቹ ሕግ ቢሆን ሁለት ጊዜ ተኩል ባለመብት ነበረች። እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ በወረቀት ላይ አላሰፈርኋትም። ግጥም እጽፋለሁ የምል ሰው!

በዚሁ ቁጭት ውስጥ ሳለሁ ነው ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ወደ አንፈራራ የሄድሁት። የወሰዱኝ በዋደራ በኩል የሚኖሩ አንድ የጉጂ አዛውንት ናቸው። ልጃቸው ሻኪሶ ስለ ተዳረች እየመጡ ይጠይቋታል፤ ባንክም ይመጣሉ። ስማቸውን አልጠቅስም፤ የባንክ ሠራተኛ የደንበኛ ስም አያወጣም። ያቺን ወፍ በምልክት ነገርኋቸው፤ አረንጓዴ፣ ነጭ ጉትያ፣ ክንፏ ውስጥ ቀይ። በትዕግሥት ከሰሙኝ በኋላ «ልጄ፣ ከቤቴ ጓሮ ሾላ የምትበላውን ነው የምትለኝ?» አሉ።

ከመኪና መንገዱ ወርደን ገባን። አዛውንቱ በትራቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ይሄዳሉ፤ እኔ በከተማ ጫማዬ እየተንሸራተትሁ እከተላለሁ። መንገዱ ለእኔ አይታየኝም ነበር፤ ለእርሳቸው ግን ግልጥ ነው። አንድ ቦታ ላይ ሁለት የተጋደሙ ዝግባዎች መንገዱን ዘግተውት ነበር። ሰዎች ዙሪያውን መሄድ ጀምረው አዲስ መታጠፊያ ተወልዷል፤ ሣሩ ገና ሙሉ በሙሉ አልሞተም። መንገድ ሲወለድ በዓይኔ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው። ወንዝ በድንጋይ ላይ እየረገጥን ተሻገርን፤ ሽቅብ ወጣን፤ ከአንድ ግዙፍ ሾላ ሥር ተቀመጥን።

ድምፅዋ ቀድሞ መጣ፤ ጎርነን ያለ፣ ከአንዲት ወፍ ጉሮሮ ይወጣል የማይባል። ከዚያ ቅርንጫፍ ተነቃነቀ። ዝም ብላ ስትቀመጥ ቅጠል ናት፤ አትለይም። ወደ ሌላው ዛፍ ስትዘል ክንፏ ተዘረጋ፤ ቀዩም ታየ፤ ወዲያው ተከደነ። ለአዛውንቱ የሩስፖሊን ነገር አጫወትኋቸው፤ ከሩቅ አገር እንደ መጣ፣ ወፏን እንደ ወሰደ፣ ዝሆን እንደ ገደለው፣ ስሙም በወፏ ላይ እንደ ቀረ። በኦሮምኛ ነበር የምንነጋገረው፤ በአማርኛ ስመልሰው ቃናው ይጎድላል።

«ዝሆኑ ለምን ገደለው?» አሉ።

«ሊገድለው ሲል ቀደመው።»

«መንገዱ ላይ ቆሞበት ይሆናል» አሉ ጥቂት አስበው። «ዝሆን የራሱ መንገድ አለው። አባቶቻችን በዝሆን መንገድ ይሄዱ ነበር፤ ሲመጣ ግን ይለቁለታል።»

ሌላ አልጨመሩም። ስለ ወፏ ስምም አልተገረሙም፤ «ወፏ ታውቃለች?» ብለው ሳቁ እንጂ።

ከመነሣታችን በፊት በኪሴ ወረቀት ፈለግሁ። የተገኘው ከመሥሪያ ቤት ሳላውቅ ይዤው የወጣሁ የገንዘብ ገቢ ማድረጊያ ቅጽ ነበር። በጀርባው ላይ ቀኑን፣ ከዚያም መንገዱን ጻፍሁ። ከመኪና መንገዱ ወርዶ በቡናው ማሳ ጥግ፤ ሁለቱ የወደቁ ዝግባዎች ጋ በግራ መዞር፤ ወንዙን በድንጋዮቹ ላይ መሻገር፤ ሽቅብ እስከ ሾላው፤ ሁለት ሰዓት ከሩብ። ጽፌ ስጨርስ ወደ ኦሮምኛ እየመለስሁ አነበብሁላቸው። በትራቸውን ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ፤ በልባቸው አብረውኝ የሚሄዱ ይመስሉ ነበር።

«ምንጩስ?» አሉ።

«የቱ ምንጭ?»

ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ። ከወንዙ ወዲህ፣ ከድንጋዩ ሥር፣ ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ የሚጠጣበት ምንጭ አለ፤ እኔ እግሬን እግሬን እያየሁ አልፌዋለሁ። በትራቸውን አነሡና በመጣንበት ቁልቁል መራመድ ጀመሩ። ቅጹን ሳላጥፍ፣ እስክሪብቶውንም ሳልከድን ተከተልኋቸው።